የሞተር መለዋወጫና የቃል ዋስትና

(በተማሪዎች ማኅበር የወር ጉባኤ ላይ፣ አሶሳ የተሰጠ ንግግር)



ከእኔ በፊት በዚህ መድረክ የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ አፍሪካ አንድነት፣ ስለ ወጣቱ ኀላፊነት ተናግረዋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የብረት ቀለበት ነው። ይኸውም በወፍጮ ሞተር ፒስተን ላይ የሚገጠመው፣ መካኒኮች ሪንግ የሚሉት ነው። ርእሱ ለዚህ ጉባኤ ያንሳል የሚል ቢኖር አልቀየመውም። ነገር ግን ያ ቀለበት በተሰበረ ማግስት የሰማንያ ዓመት አያቴ በጉልበቷ ተንበርክካ በድንጋይ ስትፈጭ አይቻለሁና፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

የተወለድኩት ከአሶሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በ1970ዎቹ የሰፈራ ዘመን ተቆርቁረው ዛሬም በቁጥር ከሚጠሩት መንደሮች በአንደኛው ነው። አያቶቼ የመጡት ከወሎ ነው። በመንደራችን ያለው አንድ ወፍጮ ቤት ሲሆን እርሱም የአጎቴ ነው። ወፍጮውን በቺንጋ የሚያዞረው በናፍጣ የሚሠራ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ሰዉ ሁሉ ሊስተር ይለዋል። የእኛ መንደር ሴቶች ብቻ ሳይሆኑ በአካባቢው ካሉት የበርታ መንደሮችም ሴቶች ማሽላቸውንና በቆሏቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የሚሰማውን የቋንቋ ድብልቅ የሰማ ሰው፣ ስለ ብሔረሰቦች አብሮ መኖር ሌላ ንግግር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ለዕረፍት ወደ ቤት ሄድኩ። አዲሱ ማሽላ የገባበት፣ ሰርግም የተደራረበበት ወር ነበር። ሞተሩ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ዘይት ይበላል፣ ኀይሉም ደክሟል። እኔም የሦስተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንደመሆኔ፣ «ጋሼ፣ ሪንጉ አልቋል፤ እኔው እቀይረዋለሁ» አልኩት አጎቴን። ደስ አለው። ለአገሩ ሰው ሁሉ አወራ።

ከተማ ወርደን ከአንድ መለዋወጫ መደብር ገባን። ነጋዴው ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው የሠራው ፋብሪካ ስምና የዕቃው ቁጥር በታተመበት ካርቶን የታሸገ ነው፤ ሁለተኛው በላስቲክ የተጠቀለለ ሲሆን ስምም ቁጥርም የለውም፤ ዋጋው ግን ግማሽ ነው። «ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለዚህኛውም የሦስት ወር ዋስትና እሰጣችኋለሁ» አለን። አጎቴ ርካሹን መረጠ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ደረሰኝ አልጠየቅንም። ዋስትናውም በቃል ብቻ ቀረ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተሩ ጮኾ ቆመ። ስፈታው የላይኛው ቀለበት ሦስት ቦታ ተሰባብሮ፣ ካሚቻውን፣ ማለት የሲሊንደሩን የውስጥ ሸሚዝ፣ ከላይ እስከ ታች ጭሮታል። ከእንግዲህ ቀለበት ብቻ አይበቃም፤ ካሚቻም ፒስተንም ያስፈልጋል።

ሌላው ቅርብ ወፍጮ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አያቴ ከቤት ጀርባ ተጥሎ የነበረውን የድንጋይ ወፍጮ አስመጣችና መጇን ይዛ ተንበረከከች። ስምንተኛ ክፍል የነበረችው ታናሽ እህቴ እህል ተሸክማ ስትመላለስ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሰርግ የደገሰው ጎረቤታችን ዱቄት ለማስፈጨት አህያ ተከራየ። ስለ መለዋወጫ ጉድለት ስንናገር የነጋዴና የባለ መኪና ጭቅጭቅ ብቻ የሚመስለን ካለን፣ ሸክሙ በመጨረሻ በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ ከዚህ መረዳት እንችላለን።

ወደ መደብሩ ተመለስን። የተሰበረውን ቀለበት በጨርቅ ቋጥረን ነበር። ነጋዴው አየውና፣

«ጋሼ፣ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ አይመለስም» አለ።

«የሦስት ወር ዋስትና ብለኸን አልነበረም ወይ?»

«ዋስትናው ለዕቃው ነው፤ ለገጣሚው አይደለም። ማን ነው የገጠመው?»

አጎቴ ወደ እኔ ተመለከተ። «ይህ የወንድሜ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው» አለ፤ ይህን ሲል አሁንም ኩራት በድምፁ ውስጥ ነበር።

«እንግዲያውስ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ» አለ ነጋዴው።

በመደብሩ ደጃፍ ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ቀለበቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያም በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ስትገጥመው ክፍተቱን ለክተህ ነበር?» አሉኝ።

አልለካሁም ነበር።

ክቡራትና ክቡራን፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ስለሆነ ጉዳዩን ላብራራ። የፒስተን ቀለበት ሙሉ ክብ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነው። ሞተሩ ሲግል ብረቱ ስለሚለጠጥ፣ ለዚያ መለጠጫ የሚሆን ክፍተት በሁለቱ ጫፎች መካከል ሊቀር ይገባል። የክፍተቱ መጠን በተለምዶ ለእያንዳንዱ 100 ሚሊ ሜትር የሲሊንደር ስፋት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተቱ ከበዛ የተቃጠለው ጋዝ ወደ ታች ያመልጣል፣ ዘይትም ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ካነሰ ደግሞ ሞተሩ ሲግል ሁለቱ ጫፎች ይገናኙና ቀለበቱ መሄጃ ያጣል፤ ግድግዳውን ይጫናል፣ ይሰበራል፣ ካሚቻውንም ይጭራል። ስለዚህ ባለሙያ ቀለበቱን ፒስተኑ ላይ ከማስገባቱ በፊት ብቻውን በሲሊንደሩ ውስጥ አስቀምጦ ክፍተቱን በስስ የመለኪያ ቅጠል ይለካል፤ ከጠበበም በሞረድ ያስተካክለዋል። ይህን በሁለተኛው ዓመት ተምሬዋለሁ። በፈተናም መልሼዋለሁ። በአጎቴ ወፍጮ ቤት ግን ሳላደርገው ቀረሁ።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? ምናልባት ቀለበቱ ከመጀመሪያውም መጠኑ የተሳሳተ ነበር። ምናልባት ብረቱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነበር። ምናልባትም ዕቃው ደህና ሆኖ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ክሳችን የወደቀው ነጋዴው ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። እጃችን ላይ ልኬትም ወረቀትም ስላልነበረ ነው። በየጋራዡ የምንሰማው ክርክርም ይኸው ነው፤ ነጋዴው መካኒኩን ይከሳል፣ መካኒኩ ዕቃውን ይከሳል፣ ባለቤቱ ደግሞ ዕድሉን ይከሳል። ማስረጃ በሌለበት ሦስቱም እውነተኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው።

ይህ ሲባል ገበያው ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የዘይት ማጣሪያን ተመልከቱ። ውጭው ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ በብዙዎቹ ላይም ወረቀቱ ሲደፈን ዘይቱ እንዳይቋረጥ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ይኖራል። በመጥፎው ማጣሪያ ውስጥ እጥፋቱ ጥቂት፣ ማጣበቂያው ደካማ፣ ቫልቩም ያለ ጊዜው የሚከፈት ይሆናል፤ ዘይቱም ሳይጣራ ያልፋል። ከውጭ ግን ሁለቱ አይለያዩም። የአየር ማጣሪያም እንደዚሁ ነው፤ የአሶሳ ቀይ አቧራ በበጋ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ያ አቧራ ገብቶ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። የክራንኩ ኩሽኔታ ደግሞ በብረት ላይ የተለበጠ ስስ ለስላሳ ማዕድን አለው፤ ልባጩ የሳሳ ወይም በደንብ ያልተጣበቀ እንደሆነ ተገፎ ይወጣል፣ ክራንኩንም ያበላሻል። በከተማችን በባጃጅ የሚተዳደሩት ወጣቶች ይህን ሁሉ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ጤና ጣቢያ የምትደርሰው ብዙ ጊዜ በእነርሱ ባጃጅ መሆኑን እኛም መርሳት የለብንም።

ነገር ግን አንድ ስሕተት ላርም። ብዙዎቻችን ዕቃን ሁሉ «ኦርጂናል» እና «ኮፒ» ብለን በሁለት ከፍለን፣ ኮፒ የተባለውን ሁሉ እናወግዛለን። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ዋናው ሊስተር ሞተር በእንግሊዝ አገር፣ ዱርስሊ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ገደማ እስከ 1987 ድረስ የተሠራ ነው። ስድስት የፈረስ ጉልበት ያለው ዓይነቱ የሲሊንደሩ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ እየዞረ ለብዙ ዓመት የሚሠራ ታጋሽ ሞተር ነበር። በህንድ አገር፣ በጉጃራት ግዛት፣ በራጅኮት ከተማ ያሉ ፋብሪካዎች ያንኑ አስመስለው ሠሩት፤ በብዙ ድሃ አገሮችም ወፍጮና የውኃ ፖምፕ አንቀሳቀሰ። የአጎቴም ሞተር ከነዚሁ አንዱ ነው። ሙሉ ሞተሩ ራሱ ኮፒ ሆኖ ሳለ መንደሩን ስንት ዓመት መግቧል! ስለዚህ አስመስሎ መሥራት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ስሙን ጽፎ፣ ልኩን ጠብቆ፣ ለሥራው ተጠያቂ ሆኖ የሚሠራ ሌላ ፋብሪካ ሊመሰገን ይገባዋል። አደጋው ያለው ስም በሌለው ዕቃና የሌላውን ስም ሰርቆ በለጠፈ ዕቃ ላይ ነው። ስም የሌለው ዕቃ ሲሰበር የሚጠየቅ የለም፤ በተሰረቀ ስም የተሸጠው ሲሰበር ደግሞ የሚታማው ንጹሑ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛዋል? ስለ ድህነትና ስለ ርቀት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ በነቀምትና በመንዲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር በተደጋጋሚ ተስተጓጉሏል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በመደብር የተገኘው ሁሉ ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ መለዋወጫም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። የጽሑፍ ዋስትና ያለው ዕቃ የገዛ ሰው እንኳ፣ ወረቀቱ «በተፈቀደለት ጋራዥ ካልተገጠመ አይጸናም» ሲለው፣ የተፈቀደለት ጋራዥ የሚገኘው አዲስ አበባ ከሆነ ዋስትናው ለአሶሳ ሰው ምን ይጠቅመዋል? የመንገዱ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። የከተማችን ነጋዴም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከአስመጪው የተቀበለው ዋስትና የለውም፤ ራሱ ያልተሰጠውን ነው በቃል የሚሰጠን። ይህን የምለው ጥፋቱን ልሸፍንለት ብዬ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ከየት እንደተበጠሰ እንድናይ ብዬ ነው።

ሕግስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዢው ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገዢውም በበኩሉ አጋጣሚ እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ባገኘ ጊዜም ምን እንደሆነ ገልጾ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዘዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፣ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ካለ እርሱ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ለመጠየቅ መብት ሰጥቷል።

የእኛ ቀለበት የተሰበረው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። በአራት ቀን አለፈን ማለት ነው! ነጋዴው በቃል የሰጠን ሦስት ወር ቢጻፍ ኖሮ ግን የምናሳየው ወረቀት በእጃችን ይኖር ነበር። እንግዲህ የሕግ ችግር ብቻ አይደለም። ሕጉ «መርምር» ይላል፤ አጎቴ በምን መሣሪያ ይመርምር? «አስታውቅ» ይላል፤ ደረሰኝ በሌለበት ለማን ምን ብሎ ያስታውቅ? የመብቱ ቁልፍ መለኪያና ብዕር ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በአካባቢያችን በብዛት የሚገኙት በዚህ ግቢ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ጧት፣ በወርክሾፓችን አንድ የልኬት ጠረጴዛ ይዘጋጅ። ካሊፐር፣ ማይክሮሜትርና የክፍተት መለኪያ ይበቃሉ። አንድ መምህር እየተቆጣጠሩ የከፍተኛ ዓመት ተማሪዎች ተራ ይግቡ። ባለ ባጃጁም፣ ባለ ወፍጮውም፣ መካኒኩም የገዛውን ዕቃ ከመግጠሙ በፊት አምጥቶ ያስለካ፤ ውጤቱም ተጽፎ ይሰጠው። ክፍያ አይጠየቅበት።

ሁለተኛ፤ በማኅበራችን ማባዣ አንዲት ገጽ ወረቀት በአማርኛና በበርታ ቋንቋ እናባዛ። በእርስዋ ላይ የዕቃው ስምና ቁጥር፣ የተገዛበት ቀን፣ የተሰጠው የዋስትና ዘመን፣ የገጣሚው ስም፣ ከመገጠሙ በፊት የተወሰደው ልኬት፣ የሻጩና የገዢው ፊርማ ይስፈርባት። ደረሰኝ መጠየቅ ጠብ መጫር አለመሆኑን፣ የተሰበረ ዕቃም መጣል የሌለበት ማስረጃ መሆኑን ከግርጌዋ በአጭሩ እንጻፍ።

ሦስተኛ፤ የሕግ ትምህርት የሚማሩ ወንድሞችና እህቶቻችን፣ መጻፍ ለማይችል ገዢ የማስታወቂያውን ደብዳቤ ይጻፉለት። ሳይዘገይ በጽሑፍ የደረሰ ማስታወቂያ፣ በመደብር ደጃፍ ከሚሰማው ጩኸት ይልቅ ዋጋ አለው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አስቀድሜ ገምቻለሁ። አንዳንዱ «ይህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ጥራት የሌለው ዕቃ ከመግቢያው እንዲታገድ ማድረግ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ከዚህ ግዴታ ማንም ነጻ አያወጣውም። ነገር ግን መዝገብ ያለው አቤቱታ መዝገብ ከሌለው ይልቅ ይሰማል፤ መዝገቡን እኛ ልናደራጅ እንችላለን። ሌላው «ነጋዴው አይፈርምም» ይላል። ሁሉም አይፈርም ይሆናል። የሚፈርመው ግን ከማይፈርመው በምን እንደሚለይ ገዢው በቶሎ ይማራል፤ ደህና ዕቃ የሚሸጠውም ነጋዴ ዛሬ ከአጭበርባሪው ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ይቀርለታል። ሦስተኛው ተቃውሞ ከመምህራኖቻችን የሚመጣ ነው፤ «ልኬት መጠንን እንጂ የብረቱን ጥራት አያሳይም» የሚል። ይህ ትክክል ነው። መጠኑ ልክ ሆኖ ብረቱ ተሰባሪ የሆነ ቀለበት በጠረጴዛችን ያልፋል። ለዚህ የጥንካሬ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እርሱም እስኪደራጅ ድረስ በልኬታችን ወረቀት ላይ «ብረቱ አልተመረመረም» ብለን በግልጽ እንጻፍ። ያልመረመርነውን መረመርን ካልን እኛም የቃል ዋስትና ሰጪዎች እንሆናለን።

በመጨረሻ፣ «ቆይ፣ ኤሌክትሪክ ሲዳረስ ሊስተር ይረሳል» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። በክልላችን፣ በጉባ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ የማይኮራ የለም፤ መብራቱም ወደ መንደራችን ወፍጮ እንዲደርስ እመኛለሁ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ሞተርም ኩሽኔታ አለው፤ መዳብ ነው ተብሎ በአሉሚኒየም ሽቦ የተጠመጠመ ሞተርም በዓለም ገበያ አለ። ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ስንሻገር ስም የለሽ ዕቃና ወረቀት የለሽ ዋስትና አብረውን ይሻገራሉ፤ ልማዱን ዛሬ ካልለወጥነው በስተቀር።

አጎቴ አንድ በሬ ሸጦ ካሚቻና ፒስተን፣ ቀለበትም ገዛ። በዚህ ጊዜ ስምና ቁጥር ያለውን ወሰደ፤ ደረሰኝም ተቀበለ። እኔም ከዚህ ግቢ መምህሬን ለምኜ የክፍተት መለኪያ ተውሼ ሄድኩ። የላይኛው ቀለበት ጠቦ ስላገኘሁት በሞረድ አስተካክዬ 0.4 ሚሊ ሜትር አደረስኩት፤ ቁጥሩንም ከነቀኑ በወፍጮ ቤቱ ደብተር ላይ ጻፍኩት። ልብ በሉ፤ ስም ያለውም ዕቃ ቢሆን ሳይለካ ቢገጠም ኖሮ እንደ ፊተኛው በተሰበረ ነበር። ሞተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል። እህቴም ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች፤ ያመለጣት ትምህርት ግን ዋስትና አልነበረውም።

አጎቴ አልወቀሰኝም። ለጎረቤቶቹ የሚያወራው አሁንም ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የወንድሙ ልጅ ነው። ከማንኛውም ወቀሳ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። እንዲህ የሚያምነንን ሕዝብ በልክና በጽሑፍ እንድናገለግለው፣ ያቀረብኩት ሐሳብ በሚቀጥለው ስብሰባ ለውይይት ይቅረብ እያልኩ ንግግሬን እፈጽማለሁ።